ቤንክትና የተሰበረው ዘንግ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከእማማ ትብለጥ አጠገብ ተቀምጬ ዳቦ ስቀምስ፣ "አንቺ የሺ፣ ለመሆኑ ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ነበር የምትሠሪው?" አሉኝ። "የኒውክሌር ነዳጅ ላይ ነበርኩ" አልኳቸው። ኧረ በማርያም! ሳህናቸውን አንስተው ፈቀቅ አሉ። "ታዲያ አይጋባብንም?" ይሉኛል፣ ስንት ዓመት ከአንድ ማዕድ በልተን! ሳቅኩ፤ ግን ቆሽቴም አርሯል። ልጄ ሐና ደግሞ ባሰች። ይቺ በአማርኛ ሳናግራት በስዊድንኛ የምትመልስልኝ ልጅ ለጓደኞቿ እናቴ ዓሣ አጥማጅ ነበረች ትላቸዋለች። ለምን ስላት "ረጅም ዘንግ ይዘሽ ውሃ ዳር ስትቆሚ ኖረሽ ሌላ ምን ልበላቸው?" አለችኝ። እንግዲህ ለእማማ ትብለጥም ለሐናም አንዴ በደንብ ልናገርና ልረፍ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኒውክሌር ነዳጅ ከትንሽ ጣት የማይወፍር፣ ቁመቱ ግን ከሁለት ሰው የሚበልጥ የብረት ቱቦ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ውስጡ የዩራኒየም ፍሬዎች ተደርድረውበታል። ይኼ ዘንግ ይባላል። ብዙ ዘንጎች ጎን ለጎን ቆመው፣ ከላይ እስከ ታች በየመሐሉ በብረት ወንፊቶች ተይዘው አንድ ጥቅል ይሆናሉ። አንዳንዴ ከጥገና የተረፈች ቁራጭ ሽቦ ውሃው ውስጥ ትገባና ወንፊቱ ላይ ትሰካለች። ውሃው ሲያንቀጠቅጣት ዘንጉን እየፋቀች ትበሳዋለች። ሌሎቹ ሁሉ ጤነኞች ሆነው ሳለ በአንዱ የተነሳ ጥቅሉ በሙሉ ከሥራ ይወጣል። የእኛ ሙያ ያን አንዱን መዝዞ አውጥቶ በቦታው ባዶ የብረት ዘንግ መተካት ነበር።

ይኼ ሁሉ የሚሠራው ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ነው። ከጨረሩ የሚከልለን ውሃው ስለሆነ ጥቅሉን ከውሃ ማውጣት አይታሰብም። ገንዳው ላይ በሚንቀሳቀስ ጠባብ ድልድይ ላይ ቆመን፣ እጀታው የፎቅ ያህል የሚረዝም መያዣ እንሰድና ውሃ ውስጥ ባለ ካሜራ እያየን እንሠራለን። ዘንጉ የተበሳ ስለሆነ ውሃ ገብቶበት ብረቱ ደርቋል፤ ተሰባሪ ነው። ጠበቅ አድርገህ ከያዝከው ይደቃል፣ አላልተህ ከያዝከው ያመልጣል። ችኮላ የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም። እኔን የመሰለች ችኩል ሴት እዚያ እንዴት እንደገባች አሁንም ይገርመኛል።

አዲስ አበባ ሳለሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል የብረት መቅረጫው ማሽን፣ ቶርኖው ላይ ነበርኩ። ከዚያ ስደት መጣ፣ በሱዳን በኩል፤ እሱን ዛሬ አላነሳውም። ስቶክሆልም ገብቼ ሄሰልቢ የሚባል ሠፈር ቤት ተሰጠኝ፣ ቋንቋ ተማርኩ፣ ወረቀት ሞላሁ፣ እንደገና ወረቀት ሞላሁ። በመጨረሻ ለኃይል ማመንጫዎች መሣሪያ የሚሠራ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ለሙከራ ወሰደኝ። ዓመቱን አብዛኛውን ከተማ ውስጥ መሣሪያ እንሠራለን፤ ጣቢያዎቹ ለጥገና ሲቆሙ ደግሞ ሻንጣችንን ይዘን ወደ ባሕሩ ዳር እንወርዳለን።

የወርክሾፑ ዋና ሰው ቤንክት ነበሩ። ረጅም፣ ትከሻቸው ጎበጥ ያለ፣ በቀን ከሃያ ቃል በላይ ካወጡ የሚታመሙ የሚመስላቸው ሰው። በስዊድንኛ እንደ አገሩ ወግ አንተ እላቸው ነበር፤ አለቃም ሚኒስትርም አንተ ነው። አማርኛዬ ግን እሺ አላለኝም። ስለ ቤንክት በአማርኛ አንተ ብዬ ማውራት አልችልም፣ አፌ ይያዛል። ስለዚህ እዚህም አንቱ እላቸዋለሁ፤ ሐና ትሳቅ።

የመጀመሪያ ቀን ሞረድ ሰጡኝና አንዲት ትንሽ የመያዣ ጥፍር አለስልሺ አሉኝ። የፋብሪካ ልጅ ነኝ፣ ፉት እንደማለት ነው ብዬ ጨርሼ ሰጠኋቸው። አላዩዋትም። ከኪሳቸው ነጭ ጨርቅ አውጥተው ጥፍሯን ጠረጉና ጨርቁን ብርሃን ላይ ዘርግተው አዩ። አንዲት ክር ተመዝዛ ቀርታለች። "ክሩን የያዘ ነገር ዘንጉንም ይይዛል" ብለው መለሱልኝ። እንደገና ሠራሁ፤ እንደገና ጨርቅ። ሰውዬው ያሾፉብኛል ብዬ ሆዴ እርር ሲል፣ የራሳቸውን ሥራም በዚያው ጨርቅ ጠርገው ሲያዩ አየኋቸው። ክር ተገኘባቸው። ሞረዱን አንስተው ቁጭ አሉ። ያኔ ነው የወደድኳቸው።

ሌላም አመል ነበራቸው። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ "እንዴት ነው የሚይዘው?" ሲል እሳቸው "እንዴት ነው የሚለቀው?" ይላሉ። ወርክሾፑ ውስጥ ከጣሪያ እስከ ምድር ቤት የሚወርድ ውሃ የተሞላ ሰፊ ቱቦ ነበረን፤ ሥሩ ላይ የልምምድ ጥቅል አለ። እዚያ አውርደው መሣሪያውን ካስያዙኝ በኋላ፣ "እሺ፣ አሁን ሞላው ተሰበረ። ልቀቂ" ይላሉ። እለቃለሁ። "አሁን ብሎኑ ተጣመመ። ልቀቂ።" ወይ ጣጣ! ከላይ ሆኖ በምንም ብልሽት መልቀቅ የማይችል መያዣ ከሆነ፣ ስንት ወር የተደከመበት ቢሆን ወደ ቁርጥራጭ ብረት ሣጥን ነው የሚሄደው። መልቀቅ ያቃተው መያዣ ገንዳ ውስጥ ከዘንጉ ጋር ተጣብቆ ይቀራላ።

ወደ ጣቢያ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ድልድዩ ላይ ከመውጣታችን በፊት ሁሉም ተቀምጦ ፊካ ይጠጣል፣ ቡናም ዳቦም። የራበው ሰው እጁ ይቸኩላል ባይ ናቸው። ከዚያ ፍተሻ ነው። ኪስ በቴፕ ይዘጋል፣ መነጽር በገመድ ይታሰራል፣ ቀለበት ይወልቃል። አንድም ነገር ውሃው ውስጥ መውደቅ የለበትም፤ ዘንግ የምትበሳዋ ሽቦ እንደዚያ ነዋ የምትገባው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የበሩ ተቆጣጣሪ አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አውልቂ አለኝ። አላወልቅም አልኩ። እሱ ደንብ ነው ይላል፣ እኔ ሃይማኖቴ ነው እላለሁ፤ ሁለታችንም ድምፃችን ከፍ እያለ ሄደ። ቤንክት መጡና ተቆጣጣሪውን፣ "የምትፈራው እንዳይወድቅ ነው ወይስ እንዳይኖር?" አሉት። "እንዳይወድቅ" አለ። "እንግዲያው ሥራችን ቀላል ነው" አሉና ቴፕ አምጥተው ሰጡኝ፤ ከቆዳዬ ጋር አጣበቅኩት፣ ከላይ ቱታው ተዘጋበት። ከዚያ ወዲያ የማተቤ ነገር ተነስቶ አያውቅም።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ ብዙ ዓመት ሠራን። ቤንክት ጡረታቸው ሲቃረብ ነው ያ ክፉ ቀን የመጣው።

ቀኑ የተለመደ ነበር። በጥቅሉ ጠርዝ ላይ ያለ አንድ የተበሳ ዘንግ ነው የምናወጣው። ቤንክት እጀታውን ይዘዋል። እኔ ድልድዩ ማዶ ጫፍ ላይ የተተኪውን ዘንግ አዘጋጃለሁ። የጣቢያው ሰው ፔር ዘንጉ የሚሳብበትን ኃይል የሚያሳየውን ሚዛን እያነበበ ቁጥር ይጠራል። የመጀመሪያዎቹን ወንፊቶች ዘንጉ ሰተት ብሎ አለፈ። ከዚያ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። ፔር ጠራው። ወጣ፤ ጠራው። በቤንክት ደንብ ማንም ሰው ያልተለመደ ነገር ካየ "ስቶፕ" ይላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይቆማል፣ ለምን አልክ ተብሎም አይጠየቅም። ማንም አላለም። ቤንክት ሳቡ፣ ፔር ጠራ። ድንገት ቁጥሩ ዘጭ አለ።

በካሜራው ስናይ መያዣው ላይ ግማሽ ዘንግ ነው ያለው። ታችኛው ግማሽ ጥቅሉ ውስጥ ቀርቷል። ጥቂት ጥቁር ፍርፋሪ ቀስ እያለ ወደ ታች ሰመጠ።

ሰው አልተጎዳም፤ ፍርፋሪውም በውሃ ውስጥ መምጠጫ ተለቀመ፤ የላይኛው ስባሪም ማኅተም ቱቦ በምንለው፣ ታሽጎ በሚከደነው ቱቦ ውስጥ ገባ። ግን ዓይኔ ቤንክት ላይ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን በእጃቸው ዘንግ ተሰብሮ አያውቅም ነበር። ሥራውን በሥርዓቱ አስጨርሰው፣ ልብስ መቀየሪያ ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

ስቶክሆልም ስንመለስ ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን ጨዋ ሰው ነበር፤ ቢሆንም ጨክኖ ተናገረ። የእጅ ሥራ ዘመን አልፏል፣ በሞተር የሚሠራ መሣሪያ ከውጭ ይገዛል፣ ቤንክት እስከ ጡረታቸው ቢሮ ይቀመጣሉ አለ። ቤንክት አልተከራከሩም። ስብሰባውን በስልክ የሚከታተለውን ፔርን ብቻ አንድ ነገር ጠየቁት። "ቁጥሩ ሲወጣ አየህ። ለምን ስቶፕ አላልከኝም?"

ፔርም፣ "አንተ ነህ እኮ" አለ። "አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።"

ያን ቀን በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ አብረን ስንመለስ ቤንክት በሕይወታቸው ካወሩት ሁሉ የበለጠ አወሩ። "እጄ እንደ ድሮው አይሰማም፣ የሺ። እሱ አይደለም የሚያሳዝነኝ፤ እጅ ያረጃል። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ደንቡ በሁሉም ሰው ላይ ሲሠራ በእኔ ላይ አይሠራም ለካ። ሁላችሁም ታምኑኛላችሁ። እንዲህ እያመናችሁኝ ከሄድኩ ከእኔ ቀጥሎ የሚቆመውንም እንዲሁ ታምኑታላችሁ፣ ያኔ ደግሞ ከዘንግ የባሰ ነገር ይሰበራል።" 

በማግስቱ አለቃው ቢሮ ገብተው አንድ ዕድል ስጡኝ አሉ። የቀረውን ስባሪ እናውጣ፣ ከዚያ እሄዳለሁ። ጣቢያውም ቢሆን ስባሪ ያለበት ጥቅል ማጓጓዝም ማስቀመጥም ችግር ስለሆነበት እሺ አለ። አንድ ሙከራ ተፈቀደ። ካልተሳካ የቤንክት የመጨረሻ ሥራ ያ የተሰበረ ዘንግ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው፤ ሲወራም የሚኖረው እሱ ነው። እኔን ያንገበገበኝ ይኼ ነበር። ሌላውን ሁሉ ትቼ ይኼን ብቻ አስብ ነበር።

መሐንዲሳችን ሊና ነበረች፤ ሳትተኛ የምታስብ የምትመስል ልጅ። ስባሪው ከላይ እንዳይያዝ በወንፊቶቹ ተሸፍኗል። ግን ጠርዝ ላይ ስለሆነ በወንፊቶቹ መሐል በጎን ይታያል። ስለዚህ በጎን የሚይዙ ሁለት መያዣዎች ይኑሩ ተባለ። አንዱ ይይዝና ትንሽ ወደ ላይ ያነሳል፤ ሁለተኛው ከታች ያዝ ያደርጋል፤ የመጀመሪያው ይለቅና ዝቅ ብሎ እንደገና ይይዛል። ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ገመዱን በሁለት እጅ እንደምንስበው ማለት ነው። ሊና ያረጀው ብረት ስንት ጭመቃ እንደሚችል አስልታ ጥፍሮቹ ሰፋ ብለው ረዘም እንዲሉ አደረገች፣ ጭመቃው አንድ ቦታ እንዳይበረታ። ቤንክት ደግሞ እብድ ቢጫነው እንኳ ከዚያ ልክ አልፎ የማይጨምቅ ማገጃ ጨመሩበት። እኔ ቶርኖው ላይ ነበርኩ። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሠራሁም፤ ሦስታችንም ከየሙያችን ምርጡን ነው ያወጣነው። በነጩ ጨርቅ ሲጠረግ አንዲት ክር አልያዘም።

ልምምዱ ግን መከራ ሆነብኝ። መሣሪያው አይደለም፣ ቤንክት ናቸው። ልምምድ ላይ ሆን ብለው ይሳሳታሉ። ያዛንፋሉ፣ ይቸኩላሉ፣ ከዚያ ይጠብቁናል። ሊና ወዲያው "ስቶፕ!" ትላለች፣ የአገሯ ወግ ነው። እኔ ግን አባቴ ፊት ቀድሜ ተናግሬ የማላውቅ ሰው ነኝ። በአለቃም በተቆጣጣሪም እጮኻለሁ፤ በማከብረው ሽማግሌ ላይ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። "ይቅርታ ቤንክት፣ ምናልባት ትንሽ ወደ ግራ..." እላለሁ።

"ምናልባት ምንድን ነው?" ይላሉ። "ምናልባት ስትይ ዘንጉ ተሰበረ።"

"እሺ፣ ይቅርታ..."

"ይቅርታም አልፈልግም። አንዲት ቃል ናት። በኔ ላይ ጩኺ!"

"ኧረ እንዴት አድርጌ እጮህብዎታለሁ!" አልኩ በአማርኛ፣ ተናድጄ። አልገባቸውም፤ ግን ሳቁ። "ድምፁ ደህና ነው፤ ቃሉን ብቻ ቀይሪው" አሉኝ። እንዲህ እየተባባልን ሰነበትን፤ አንድ ቀንም በትክክል አልወጣልኝም።

ቀኑ ደረሰ። ፊካችንን ጠጣን። ቤንክት ላይኛውን መያዣ ያዙ፣ እኔ ታችኛውን። ፔር ያው ሚዛኑ ላይ ነው፣ ፈርቷል፣ ፊቱ ነጭ ሆኗል። ሊና ካሜራው ላይ። ቤንክት ያነሳሉ፤ እይዛለሁ። ይለቃሉ፣ ዝቅ ይላሉ፣ ይይዛሉ፤ እለቃለሁ። ፔር ቁጥር ይጠራል፤ ቁጥሩ ሸጋ ነው። ስባሪው ወንፊት እያለፈ እየወጣ መጣ። የመጨረሻው ወንፊት ብቻ ቀረ።

ያኔ ነው መዳፌ ላይ የተሰማኝ። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ ሲነዝር እንደሚሰማው ያለች ትንሽ ነገር። ፔርን ሰማሁት፣ ቁጥሩ ደህና ነው። የሊናን ስክሪን አየሁ፣ ንጹሕ ነው። የቤንክትን ፊት አየሁ፤ ረጋ ብለው እያነሱ ነው። እሳቸው ካልተሰማቸው ምን ሊሆን ይችላል? ሊወጣ ትንሽ ነው የቀረው፣ ሊሳካላቸው ነው፣ ስማቸው ሊመለስ ነው። አሁን ባቋርጣቸውና ምንም ሳይሆን ቢቀር? እግዚኦ!

"ስቶፕ!"

የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ፤ አዳራሹ አስተጋባው። ቤንክት በቅጽበት ደረቁ። እጃቸው ንቅንቅ አላለም። ማንም ለምን አላለም። ሊና ካሜራውን ወደ ሌላኛው ጎን ማዞር ጀመረች። ያቺ ጥበቃ ረዘመችብኝ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ መጣ። በማይታየን በኩል ቱቦው ተሰንጥቋል፤ የተላጠች ስስ የብረት ልጣጭ የወንፊቱ አፍ ላይ ተሰክታለች። ትንሽ ቢሳብ ኖሮ ስባሪው እንደገና ሊሰበር ነበር።

ቤንክት ዝቅ አደረጉት። ልጣጩ ወደ ውጭ እንዲዞር በሁለቱ መያዣዎች መሐል ቀስ ብለን አሽከረከርነው። እንደገና አነሱ። አለፈ። በተለመደው መያዣ ተቀበልነውና ማኅተም ቱቦው ውስጥ ገባ፣ ተከደነ። ፔር ሚዛኑን ትቶ የድልድዩን መደገፊያ ተደግፎ ቆመ። ሊና ጮኸች። 

ያንኑ ቀን አለቃችን ደወለ። የሞተሩ ነገር ይቆይ፣ ቤንክትም ይቆዩ፣ ጡረታቸውንም ያራዝሙ ይላል። ቤንክት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ቆመው አዳመጡትና፣ "አመሰግናለሁ፤ አልቆይም" አሉት። "ዛሬ እኔ ሳላውቅ ያወቀ ሰው ነበር፣ ነገረኝም። ልሄድ የምችለው ከእንግዲህ ነው።" ስልኩን ዘጉና ወደ እኔ ዞሩ። ሰውዬው አሞግሰውኝ አያውቁም፣ አሁንም አላሞገሱኝም። "ጥሩ ጩኸት ነበር" አሉኝ፣ በቃ። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

በሚቀጥለው የጥገና ወቅት እሳቸው የሚቆሙበት ቦታ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ እስከ ጡረታዬ ብዙ ዘንግ አወጣሁ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፤ እማማ ትብለጥ ሳህናቸውን ይዘው ሲሸሹ እንኳ ስንት ቀን ከንክኖኛል። ድልድዩ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ስቶፕ ተብያለሁ፣ ግማሹ በከንቱ ነበር፣ አንዱም አላስቆጣኝም።